ባልዋለችበት የፈረመችው ሴት

አቶ ወልደ ሥላሴ ከኬንያዋ ማርሳቢት ወደ ሞያሌ በሚመለሰው አውቶቡስ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት መጥታ ከአጠገባቸው ያለው ወንበር ሰው እንዳለው በስዋሂሊ ጠየቀቻቸው። «የለውም፤ ተቀመጪ» ብለው ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ። ልጅቱ ግን አልተቀመጠችም። ትክ ብላ አየቻቸውና ስዋሂሊውን ትታ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ጋሽ ወልደ ሥላሴ! ረሱኝ?» አለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩዋት። አላወቋትም።

«የጃልደሳ ልጅ ነኝ፤ ረምዚያ። አጥር ዘልዬ ግቢያችሁ እየገባሁ እትዬ ወርቅአየሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ።»

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ! ምን አድርገሽ እንዲህ አደግሽብኝ!» ብለው ተነሥተው ጉንጯን ሳሟት። ደስታቸው የእውነት ነበር። ልጅ ሆና እሳቸውም ሚስታቸው ወርቅአየሁም እንደ ልጃቸው ያዩዋት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ዐይኗን አላዩትም።

አቶ ወልደ ሥላሴ ድንበሩን በስደት ከተሻገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በመጠለያ ኖረዋል፤ ለሰው ሻይ አፍልተዋል፤ በመጨረሻ የኬንያ መታወቂያ አውጥተው በሞያሌ ዋና መንገድ ላይ የራሳቸውን ሆቴል ከፈቱ። እንግሊዝኛም ስዋሂሊም ጽሕፈትም ስለሚያውቁ የአዲሱ ገበያ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎ መርጧቸዋል። የዚያን ቀንም ከማርሳቢት የሚመለሱት የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ለአውራጃው አስተዳደር ለካውንቲው ጽሕፈት ቤት አስረክበው ነው።

አውቶቡሱ ተነቃንቆ ከከተማው ሲወጣ፣ «አሁን ምን ትሠሪያለሽ ታዲያ?» አሏት።

«በካውንቲው የገበያዎች ክፍል ተቀጥሬያለሁ ጋሼ። ወደ ሞያሌም የምሄደው ለሥራ ነው። ወተት ሻጮቹ አቤቱታ አስገብተዋል። በገበያው ፕላን ላይ ለሴቶች መጸዳጃ ቤት ነበረ፤ ለወተቱም ጥላ። ገበያው ሲመረቅ ግን በሁለቱም ቦታ የጭነት መኪና ማቆሚያ ሆኖ ተገኘ። ማን ቀየረው ነው የሚሉት።»

የአቶ ወልደ ሥላሴ ደስታ እንደ ክረምት ፀሐይ ጠፋ። ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

«ኮሚቴው ነው የቀየረው። ይህን ለማወቅ አንቺን ከማርሳቢት መላክ አያስፈልግም ነበር። መኪና ካልገባ ከብት አይጫንም፤ ከብት ካልተጫነ ገበያ የለም።»

«ለወንዶቹ ግን መጸዳጃ ተሠርቷል።»

«ሾፌሮች ናቸዋ! ከናይሮቢ ድረስ የሚመጡ እንግዶች! ሴቶቹ ወተታቸውን ሸጠው በጊዜ ቤታቸው ይገባሉ። ምን ያደርግላቸዋል?»

«ይህን ከሴቶቹ አንዷ ናት የነገረቻችሁ?»

«ስሚ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዞር አሉ። «እኔ ትምህርትሽን አከብራለሁ። ነገር ግን ትምህርት ማለት ሽማግሌ መመርመር አይደለም። የገበያ ነገር፣ የመሬት ነገር፣ የምርጫ ነገር በወንድ ቢያዝ ሴት ተናቀች ማለት አይደለም። ባሏ፣ አባቷ፣ ወንድሟ ስለ እሷ ይናገራል። አባቶችም ‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ› ያሉት ያለ ነገር አይደለም።»

«ተረቱን ያወጡት ወንዶች ናቸው ጋሼ። በዚያ ስብሰባ ላይም ሴት አልነበረችም መሰለኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። አቶ ወልደ ሥላሴ ጆሯቸው ጋለ። ይህች ሲያባብሏት ያደገች ልጅ ዛሬ በሕዝብ ፊት ታሾፍባቸዋለች!

«ደግሞስ ሕጉን ሳናውቅ የምንሠራ መሰለሽ?» አሉ። «ከማንኛውም የሕዝብ ኮሚቴ አንዱ ጾታ ከሁለት ሦስተኛው በላይ እንዳይዝ ሕገ መንግሥቱ ይላል። አንብቤዋለሁ። ናይሮቢ ያለው ፓርላማ ራሱ እስከ ዛሬ ያላሟላውን እኛ በሞያሌ አሟልተናል። ከዘጠኝ አባል ሦስቱ ሴቶች ናቸው!»

«ይህ በጣም ጥሩ ነው» አለች ረምዚያ በእርጋታ። «እነማን ናቸው?»

አቶ ወልደ ሥላሴ ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ።

«የሊቀ መንበሩ የምዜ ሁቃ ባለቤት አለች፤ ወይዘሮ ጣይባ። አንዲት የጨው ነጋዴም አለች...»

«ሦስተኛዋስ?»

«ለጊዜው ስሟ ጠፋብኝ።»

ዋሹ። ስሟ አልጠፋባቸውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በየቀኑ የጠሩት ስም እንዴት ይጠፋባቸዋል?

መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ አውቶቡሱ በአንድ ሜዳ ላይ ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ከአስፋልቱ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተው ተደረደሩ፤ አቶ ወልደ ሥላሴም እንዲሁ አደረጉና ተመልሰው ተቀመጡ። ሴቶቹ ግን ያንን ጥቁር የድንጋይ ሜዳ እየረገጡ፣ መከለያ ፍለጋ ወደ ሩቅ ቁጥቋጦ ሄዱ። አንዲት ጉልበቷ የታመመ አሮጊት ድንጋዩን መሻገር አቅቷት ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ ተመለሱ፤ አሮጊቷም ጉዳይዋን ሳትፈጽም ተደግፋ ገባች። ወንዶቹ «ሴትና መንገድ!» እያሉ ሳቁ።

ረምዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀሚሷ ጫፍ ላይ እሾኽ ተሰክቶ ነበር። እየነቀለች፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ስንት ደቂቃ ፈጀ?» አለች።

«ምኑ?»

«መውረድዎ።»

«ይህም ጥያቄ ነው?» ብለው ተቆጡና ሞያሌ እስኪደርሱ ድረስ አላናገሯትም። እሷም አላስቸገረቻቸውም። ስትወርድ ግን እጅ ነሥታ፣ «ነገ የኮሚቴውን ሴቶች በየቤታቸው እየሄድኩ አነጋግራለሁ። እትዬ ወርቅአየሁን ሰላም በሉልኝ» አለች።

ሰላምታውን አላደረሱም።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ወርቅአየሁ በሆቴሉ ጓሮ ከቄራ የመጣውን ሥጋ እየገላበጡ ያዩ ነበር። ሆቴሉ በባልየው ስም ይጠራል እንጂ ሥጋ መርጦ መግዛቱ፣ ሠራተኛ መቅጠሩ፣ ከነጋዴ ጋር መከራከሩ የእሳቸው ነው። ረምዚያን ሲያዩ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው እልል አሉ፤ አቅፈው ወዘወዟት። አቶ ወልደ ሥላሴ ከቆሙበት በር ላይ አልተንቀሳቀሱም። 

ረምዚያ ከተቀመጠች በኋላ ከቦርሳዋ አንድ ፋይል አወጣች።

«እትዬ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት፤ አይቀየሙኝ። በገበያው ኮሚቴ ውስጥ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«የምን ኮሚቴ?»

«የገበያው። እርስዎ አባል ነዎት።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ሳቁ። «ልጄ፣ የሌላ ሰው ስም ይሆናል። እኔ ከዚህ ምድጃና ከዚያ ገበያ በቀር የት እሄዳለሁ?»

ረምዚያ ወረቀቱን አዞረችላቸው። «ይኸው፤ ‹ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ ተገኝተዋል›። አራት ዓመት፣ ሃያ ሁለት ስብሰባ። አንድም አልቀሩም። ይህ ደግሞ ፊርማዎ ነው ይላል።»

«ይህ? ይህ የፈረንጅ ፊደል ነው እኮ። እኔ በፈረንጅ ፊደል ስሜን መጻፍ አልችልም። አንቺን ያስቆጠርኩሽ ሀ ሁን አይደለም እንዴ?»

ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ያንን የተጠማዘዘ ጽሕፈት በሆቴሉ ደረሰኝ ላይ በየቀኑ ያዩታል።

«ወርቄ» አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ፤ «ለማሟያ ያህል ነው። ሕጉ ሦስት ሴት ይፈልጋል፤ ሰዎቹ በየቤታችን ካሉት እንሙላ አሉ። ምንም የሚጎዳ ነገር...»

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። «ረምዚያ፣ እኔ በዚህ ስብሰባ ላይ ምን አልኩ? ንገሪኝ። የተናገርኩትን ልወቅ።»

ልጅቱ አመነታች። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀው ነበር።

«አብዛኛው ላይ ‹ደግፈዋል› ነው የሚለው። አንዱ ላይ ብቻ ንግግር አለ። እየተረጎምኩ ላንብብልዎ፦ ‹ወይዘሮ ወርቅአየሁ ሴቶችን ወክለው እንዳስረዱት፣ ወተት ሻጮቹ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ መጸዳጃ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ቢውል ሴቶቹ አይቃወሙም።›»

«ቀኑ መቼ ነው?»

ረምዚያ ቀኑን አነበበች።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከመቀመጫቸው ተነሡ።  አቶ ወልደ ሥላሴ ልብ ሳይሉት የኖሩትን ያንን ቀን ሚስታቸው አልረሱትም።

«ጋዲሴ» አሉ። «የጎዶማዋ ጋዲሴ። ገበያው በዚያው ሰሞን ተመረቀ፤ እሷ የወደቀችው ከዚህ ቀን በሦስት ሳምንቱ ነው።»

ጋዲሴ ከጎዶማ የግመል ወተት እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት። ጎሕ ሳይቀድ በሞተር ተጭና ትነሣለች፤ ወተቱ ካላለቀ አሥራ አንድ ሰዓትም ገበያው ውስጥ ያገኛታል። እኩለ ቀን ላይ ቤቷ የሚያስገባት ማንም የለም። ገበያው ውስጥ መሄጃ እንደሌላት ስለምታውቅ ከዋዜማው ጀምራ ውኃ አትጠጣም ነበር። በዚያ ሐሩር፣ ከዚያ ሁሉ ጀሪካን ጋር፣ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና፣ አፏን አድርቃ ትውላለች። አንድ ቀን ብርድ ብርድ አላትና እዚያው ወደቀች።

«በእኔ ጀርባ ነው ያነሣኋት!» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። ድምፃቸው ጓሮውን ሞላው፤ ሥጋ የሚከትፉት ሠራተኞች ቢላዋቸውን አቆሙ። «ሐኪሙ ሽንት በመያዝና ውኃ ባለመጠጣት ኩላሊቷ ተመርዟል ሲል እጇን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ! ልጇ ሞቶ ሲወጣ በነጠላዬ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ! አልቅሼ ስመጣ አንተ ምን አልከኝ? ‹የእግዜር ሥራ ነው› አልከኝ! የእግዜር ሥራ! የአንተ ጽሕፈት ነበር! በእኔ አፍ ፈረድክባት!»

«ወርቄ፣ እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

«አትጥራኝ! ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ማሟያ መሆኔን ዛሬ ነገርከኝ። አንድ ቀን እንኳ፣ ራት እየበላህ፣ ‹ሴቶቹ መጸዳጃ ያስፈልጋቸዋል ወይ?› ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? አንድ አልጋ ላይ ተኝተን! መጠየቅ አቅቶህ ነው? አይደለም። መልሴን ስለምታውቀው ነው!»

ሽርጣቸውን ፈትተው ወንበሩ ላይ ወረወሩና ወጡ። አቶ ወልደ ሥላሴ በሠራተኞቻቸው ፊት ቆመው ቀሩ። መጀመሪያ የመጣባቸው ንስሐ አይደለም፤ ንዴት ነው። ሰው ጥፋቱ ፊቱ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚፈልገው ሌላ ጥፋተኛ ነውና፣

«አንቺ ነሽ!» አሉ ወደ ረምዚያ ዞረው። «ቤቴን አፈረስሽው! በሽማግሌ ቤት ገብቶ ባልና ሚስት ማጣላት ነው የተማርሽው? ስድስቱም ወንዶች የተስማሙበትን እኔ ጻፍኩት። ጸሐፊ ነኝ። እንግዳ ነኝ ደግሞ! የሰው አገር ላይ ተቀምጬ ከሽማግሎቹ ጋር ልጣላ? እኛ ከወዲያ የመጣን ሰዎች አንገታችንን ደፍተን ነው የኖርነው!»

ረምዚያም ተነሣች። ያ እርጋታዋ አሁን የለም። ቢሆንም አንቱታዋን አልተወችም።

«ጋሼ፣ ልጅ ሳለን ስለ መጠለያው የሚነግሩን ነገር ነበር። ብርድ ልብስ ሊቀበሉ ሄደው ‹ወስደሃል፤ ፈርመሃል› ያሉዎትን። እትዬ አራስ ነበሩ። ስምዎ አጠገብ ያላዩት ፊርማ ነበረ። ‹ስደተኛውን ወክለናል› የሚሉ ሰዎች ስለ እርስዎ ፈርመው፣ ልብሱን ሸጠው፣ እርስዎ ልጅዎን በጆንያ አቅፈው አደሩ። ሲነግሩን እንባዎ ይመጣ ነበር። ‹ብርዱን ረሳሁት፤ ፊርማውን ግን አልረሳሁትም› ይሉን ነበር። እትዬስ ዛሬ ያዩት ምንድን ነው?»

አቶ ወልደ ሥላሴ ወንበሩን ጎትተው ተቀመጡ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይደሉም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው» አለች። «ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ስድስት ደግ ሽማግሎች ተሰብስባችሁ፣ ቁርኣንና ጸሎት አድርሳችሁ፣ አንዳችሁም ሆናችሁት የማታውቁትን ነገር ወሰናችሁ። ከመካከላችሁ ከንጋት እስከ ምሽት ሽንቱን ይዞ የዋለ አለ? በፀሐይ የተበላሸ ወተት የደፋ አለ? ቁስሉን የሚያውቀው የቆሰለው ነው። እሱን ሳትጠይቁ ብታክሙ የምትቆርጡት ጤነኛውን እግር ነው።»

«ሴት ብትገባ ግን ስብሰባው ጭቅጭቅ ይሆናል ይላሉ።»

«ያለ ጭቅጭቅ ምን አተረፋችሁ? እስቲ ይንገሩኝ፤ ሆቴልዎ ወተት የሚገዛው ከየት ነው?»

አቶ ወልደ ሥላሴ አሰቡ። ከገበያው አይደለም። ጥላ ስለሌለ ወተቱ እስከ ረፋድ ይበላሻል፤ ሴቶቹ ጥለው ወጥተው በየመንገዱ ዳር፣ በየዛፉ ሥር ይሸጣሉ። እሳቸውም የሚገዙት ከመንገድ ዳር፣ አቧራ የጠጣውን ነው። ወተት ፈላጊው ገበያውን ሲተው እህል ሻጩም፣ ልብስ ሻጩም ተከተለ። መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፤ የሚቆምበት መኪና ግን ሦስትና አራት ነው። ይህን ሁሉ በየቀኑ ያዩታል። ምክንያቱን ግን ጠይቀው አያውቁም ነበር።

«እንግዳ ነኝ አሉ» ቀጠለች ረምዚያ። «ሴቶቹስ? እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አርጅተው፣ ስለ ራሳቸው ጉዳይ በሚመከርበት ቤት እንግዶች ናቸው። ለዋርዱ፣ ለቀበሌው፣ ተወካይነት ማን ይወዳደር ሲባል ይኸው ነው። የውኃ ጉድጓድ የት ይቆፈር ሲባል ይኸው ነው። ውኃውን የሚቀዳው ሌላ፣ ጉድጓዱን የሚመርጠው ሌላ! እኔ ተምሬ መጣሁ፤ ሥራ ስገባ የጠየቁኝ ‹ስታገቢ ሥራውን ትተዪዋለሽ?› ብለው ነው። አብሮኝ የገባውን ወንድ አልጠየቁትም። ታዲያ ለምን ትቆጫለሽ ይሉኛል? ባልቆጣ ነው የሚገርመው!»

አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ሰው በክርክር የሚረታ ይመስለዋል። አቶ ወልደ ሥላሴን የረታቸው ግን ክርክሩ ብቻ አይደለም። ልጅቱ ስትናገር ሐሰት የሆነ ቃል ፈልገው ማጣታቸው ነው። 

«ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ዘገባዬን እጽፋለሁ። እርስዎ ግን ከእኔ በፊት ቢናገሩ ይሻላል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው በገበያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ምዜ ሁቃ፣ በስዋሂሊ ‹ምዜ› ማለትም ሽማግሌ የሚባሉ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ግርማ ያላቸው ሰው፣ ዱዓ አድርገው ስብሰባውን ከፈቱ። አቶ ወልደ ሥላሴ እንደ ወትሮው መዝገቡን አልገለጡም። ተነሡ።

«ሽማግሎች፣ አንድ ነገር ልናገር። ያልተሰበሰቡ ሴቶችን ተሰበሰቡ ብዬ አራት ዓመት ጽፌአለሁ። ሚስቴ ያላለችውን አለች ብዬ ፈርሜአለሁ። ወይዘሮ ጣይባም ይህን አዳራሽ ገብተው አያውቁም። የጨው ነጋዴዋ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሞተች በኋላም ዘጠኝ ጊዜ ‹ተገኝታለች›። ይህን ለካውንቲው ልነግር ነው።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ምዜ ሁቃ በትራቸውን በሲሚንቶው ላይ መቱ።

«አብደሃል? ስማችንን ልታጠፋ ነው? ሁላችን የተስማማንበትን!»

«የተስማማነው ስድስታችን ነን! ስድስታችን!» ብለው ጮኹ አቶ ወልደ ሥላሴ። በዚያ አገር በኖሩበት ዘመን ሁሉ በሽማግሌ ፊት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነበር። «በዚህ ወረቀት የተነሣ አንዲት ሴት ፅንስ አስወርዷታል! በመኪና ማቆሚያችን ምክንያት! ስም ጠፋ ትሉኛላችሁ? ስሟ የጠፋው ሚስቴ ናት!»

በዚህ መካከል የአዳራሹ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከፊት፣ ጋዲሴ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው ሃያ የሚሆኑ ወተት ሻጮች ገቡ። ከሁሉም በኋላ ራሳቸውን ተከናንበው ወይዘሮ ጣይባ፣ የምዜ ሁቃ ሚስት። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ባላቸውን አላዩአቸውም። ሦስት ወንበር ስበው፣

«የተመደበልን ቦታ እዚህ አይደል? አራት ዓመት ተቀምጠንበታል አሉ። ዛሬ ደግሞ በእውነት እንቀመጥበት» አሉና ጋዲሴን በሟቿ ወንበር አስቀመጡ።

ጋዲሴ አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ስዋሂሊዋም እንዲሁ። በኦሮምኛ ተናገረች፤ ከሴቶቹ ጋር የገባችው ረምዚያም ለማያውቁት ተረጎመች። አልጮኸችም።

«እኔ ሊወስኑልኝ ይችላሉ ብዬ ዝም አልኩ» አለች። «ምዜ ሁቃ፣ እርስዎ የአባቴ እኩያ ነዎት። ሲመጡ ተነሥቼ ወተት እቀዳልዎታለሁ። እኔ ግን ለሽንት እንኳ መሄጃ አጣሁ። ልጄን ቀበርኩ። ከዚያ ‹ሴቶቹ አይቃወሙም› የሚል ወረቀት እንዳለ ሰማሁ። ከሴቶቹ ማንን ጠየቃችሁ? እኔን አልጠየቃችሁኝም። እኔ እቃወማለሁ።»

ምዜ ሁቃ ወደ ሚስታቸው አዩ። ወይዘሮ ጣይባ ዐይናቸውን አልሰበሩም፤ «እኔንም አልጠየቅኸኝም» ብቻ አሉ። ሽማግሌው በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። 

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ሁለት ሽማግሎች ተቆጥተው ኮሚቴውን ጥለው ወጡ፤ እስከ ዛሬም ረምዚያን ሰላም አይሏትም። አቶ ወልደ ሥላሴ ከጸሐፊነታቸው ተነሥተው በካውንቲው ፊት ቃላቸውን ሰጡ፤ ኮሚቴ ውስጥ ዳግመኛ እንዳይገቡ ታገዱ፤ ተገቢ ነው ብለው ተቀበሉ። ወይዘሮ ወርቅአየሁም አንድ ወር ሙሉ «ብላ» እና «በቃህ?» ከማለት በቀር አላናገሯቸውም። እሱንም ተገቢ ነው ብለው ተቀበሉ። የአካባቢው ሹም፣ ቺፉ፣ ሕዝቡን ባራዛ ለሚባለው አደባባይ ስብሰባ ጠርቶ አዲስ ኮሚቴ እጅ በማንሣት ሲመረጥ ከዘጠኙ አራቱ ሴቶች ሆኑ። ጋዲሴ አንዷ ናት፤ ጸሐፊዋም በመንደሩ ትምህርት ቤት የምታስተምር ወጣት።

ከመኪና ማቆሚያው ገሚሱ ተነሥቶ መጸዳጃ፣ የውኃ ቧንቧና የወተት ጥላ ተሠራበት። ከዚያ ወዲህ ወተቱ ሳይበላሽ ይውላል፤ በየመንገዱ የተበተኑት ሴቶች ተመለሱ፤ እነሱን ተከትሎ እህሉም ልብሱም ተመለሰ። የቀረው ማቆሚያ ባለፈው ዓመት ባዶውን ይውል ከነበረው ሰፊ ማቆሚያ ይልቅ ብዙ መኪና ያስተናግዳል። ሴቶቹ ቀን ውኃ ይጠጣሉ። ይህን ትንሽ ነገር ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ አንድ ቀን በሞያሌ ፀሐይ አፉን አድርቆ ይዋልና ይናገር። የሚያስቆጣውም ይኸው ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳይጠየቅ ስንት ዓመት መቅረቱ፣ ለመጠየቁም አንድ ሕፃን መቀበር ማስፈለጉ። ባል ለሚስቱ፣ ሽማግሌ ለመንደሩ፣ ፓርላማ ለአገሩ ሴቶች አፍ ሆኖ ሲናገር፣ ያ አፍ የሚያወራው የራሱን ሆድ ነው።

ምርጫ ሲቃረብ ለዋርዱ መቀመጫ የሚወዳደር አንድ ሰው ገበያው ውስጥ ስብሰባ ጠራ። ሰውየው ስለ መንገድና ስለ ከብት ብዙ ከተናገረ በኋላ በመጨረሻ፣ «ሴቶቻችንስ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ወደ ወንዶቹ ወንበር ጠየቀ።

አቶ ወልደ ሥላሴ መልሱን ያውቁት ነበር። አዲሱን አስተሳሰባቸውን ለማሳየትም ቸኩለው ስለነበር ብድግ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሴቶቹ የሚፈልጉት...» ከማለታቸው ከጀርባቸው፣

«ተቀመጥ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ቆመዋል። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

አቶ ወልደ ሥላሴ ተቀመጡ።